ከውል የወጣ አገር ይዳኛል ወይ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ቀኑን በምን ያሳልፉታል?» ይለኛል። «በክርክር» እላለሁ። ባለቤቴ ወርቅነሽ አጠገቤ ካለች «ከእኔ ጋር ነው» ብላ ትጨምርበታለች። እውነቷን ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሕግ ክርክር የኖረ ሰው ቢሮው ሲዘጋ ክርክሩን ይዞ ቤት ይገባል። በቅርቡ እንኳ ጎረቤቴ የእኛ ማንጎ ጓሮውን ስላጨለመበት ቅርንጫፉ ይቆረጥልኝ አለ። እምቢ ልለው ሄጄ፣ የእሱን ወገን ከእሱ ይልቅ አሳምሬ ተከራክሬለት፣ መጋዝ አውሼው ተመለስሁ። ልጆቼ ይህን ሲሰሙ «አባዬ፣ አንተስ ብትጽፍ ይሻልሃል» አሉኝ። ይኸው ጀመርሁ።

ሥራ የጀመርሁት በጎጃም አንድ ወረዳ ፍርድ ቤት በዳኝነት ነው። ፍርድ ቤቱ ሁለት ክፍል ነበረው፤ በአንዱ ያስችላሉ፣ በሌላው መዝገቡና የሬጅስትራሩ ብስክሌት ተደጋግፈው ይቀመጣሉ። የደመወዙን ነገር ባላነሣው ይሻላል። የሥራ ዘመኔን ሁሉ የመራው ጥያቄ ግን የገጠመኝ እዚያ ነው። ሁለት ካህናት በአንድ ቁራሽ መሬት ተካሰው መጡ። ተከሳሹ መሪጌታ ገና ስማቸውን ስጠይቃቸው፣ «ስሜን ከመናገሬ በፊት፣ አንተ እኔን እንድትዳኝ ማን ሾመህ?» አሉኝ። ችሎቱ ሳቀ። ጺሜ ገና አልበቀለም ነበርና አንተ መባሌ አልከፋኝም። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ዳኛ ስለ ምንም ነገር ከመፍረዱ በፊት መመለስ ያለበት እሱን ነው፤ በሕግ ቋንቋ የዳኝነት ሥልጣን ይባላል። መሪጌታን ለማሳመን ረፋዱን ሙሉ ፈጀሁ። በመጨረሻ «ይሁን፣ ስሜን ጻፍ» አሉኝ።

ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ተዛውሬ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ጥቂት ዓመታት ሠራሁ። ሰብሳቢያችን ወይዘሮ አልማዝ ረጅም ውሳኔ አይወዱም ነበር። ያረቀቅሁት ሲበዛባቸው «ተሸናፊው ይህን ሁሉ አንብቦ ሊጽናና ነው?» ይሉኛል። ኋላ ዩኒቨርሲቲው ለሕግ ትምህርት ቤቱ መምህር ሲፈልግ ተወዳድሬ ገባሁ፤ ግሽ አባይ ሰፈር ቤት ተከራይተን ልጆች ወለድን፤ እኔም ጡረታ እስክወጣ ዓለም አቀፍ ሕግ ሳስተምር ኖርሁ።

የኔታ ይኄይስን ያገኘኋቸው በዚያ ነው። ትውልዳቸው በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት ነው። ቅኔ ተምረው፣ አስተምረው፣ ከጎለመሱ በኋላ ወደ ሕግ ትምህርት የዞሩ ሰው ናቸው። የትምህርት ማዕረጋቸው ትልቅ ቢሆንም በእሱ የሚጠራቸው አልነበረም፤ መምህሩም ተማሪውም የኔታ ነበር የሚላቸው። እኔ ስገባ እሳቸው የክፍሉ አንጋፋ ነበሩ፤ ቢሯቸውን አጋሩኝ፤ ልማዳቸውንም ጭምር።

ጉዳይ ይዞ ወደ የኔታ የሄደ ሰው አስቀድሞ ለባላጋራው መከራከር ነበረበት። «የሚያሸንፍህን ሰው ክርክር አሰማኝ» ይላሉ። በለሆሳስ ካሰማሃቸው አይቀበሉም፤ ተነሥተህ ቆመህ፣ እጅህን ዘርግተህ፣ አምነህበት መከራከር አለብህ። እሳቸው «ተሸንፈሃል» እስኪሉህ ድረስ ወደ ራስህ ወገን አትመለስም። የሕግ አንቀጽ ሲያነቡም ከመጨረሻው ነው የሚጀምሩት። ቅኔ ቤት እንደ ለመዱት «ማሰሪያው የት አለ?» ብለው ግሡን ይፈልጋሉ፤ እሱን በእርሳስ ከከበቡ በኋላ ነው ወደ ላይ የሚወጡት። በጽሑፌ ውስጥ «እጅግ» ወይም «ፍጹም» የሚል ቃል ካገኙ ምንም ሳይናገሩ ይሰርዙታል። ከሁሉ የከበደኝ ግን የእግር ጉዞው ነው። ከሥራ በኋላ በሐይቁ ዳር እየሄድን እከራከራለሁ፤ ክርክሬ ሲላላ እሳቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ለምን እንደ ቆሙ አይነግሩኝም። የላላውን እኔው ፈልጌ እስካጠብቀው ድረስ ፔሊካኖቹን ያያሉ። አንዳንድ ቀን ከአንድ ዛፍ ሥር ሳንንቀሳቀስ ይመሻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በርከት ያሉ አገሮች በስምምነት ያቋቋሙት አንድ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት አለ። ስሙን አልጠራም። የምነግራችሁን አገር ስምም አልጠራም፤ እዚያ ዘመድ ያላቸው ሰዎች እዚህ ይኖራሉና። ወደዚያ ስምምነት መግባት በፈቃድ ነው፤ መውጣትም በፈቃድ ነው። ነገር ግን የሚወጣ አገር አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት፤ መውጣቱ የሚጸናውም ካስታወቀ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ያች አገር ፍርድ ቤቱ ደጋግሞ ሲፈርድባት ተቆጣችና መውጣቷን አስታወቀች። በዓመቱ ወጣች። እኔም ለተማሪዎቼ ጥሩ የፈተና ጥያቄ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ፤ ከወጣች በኋላ ልትከሰስ ትችላለች ወይስ አትችልም?

ጥያቄው የፈተና ጥያቄ ሆኖ አልቀረም። ሳሙኤል የሚባል የዚያች አገር ልጅ እኛ ዘንድ በውኃ ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪውን ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ቢሮዬ መጥቶ አባቱ መታሰራቸውን ነገረኝ። አባቱ የመምህራን ማኅበር መሪ ነበሩ። የታሰሩት የአገሪቱ መውጣት ከጸና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። የኔታ ፋይሉን አይተው «ቀኑ አልፎብሃል» አሉኝ። እኔ ግን መንገድ ያገኘሁ መሰለኝ። ፖሊስ ሽማግሌውን መከታተል የጀመረው አገሪቱ ገና በስምምነቱ ውስጥ ሳለች ነው፤ ስለዚህ እስሩ የቀደመው ክትትል መጨረሻ እንጂ አዲስ ድርጊት አይደለም ብዬ ለፍርድ ቤቱ አቤቱታ ጻፍሁ። በደንብ የተጻፈ ነገር ነበር። የኔታ እንኳ ከሁለት ቃል በቀር አልሰረዙበትም።

ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። መከታተል አንድ ነገር ነው፣ ማሰር ሌላ ነገር ነው፤ የታሰሩት አገሪቱ ከወጣች በኋላ ስለሆነ ሥልጣን የለኝም አለ። ሳሙኤልን ቢሮዬ ጠርቼ ውሳኔውን አነበብሁለት። በጥሞና አዳመጠ። ከዚያ «አባቴ የታሰረው ዘግይቶ ነው ማለት ነው» አለኝ።

«እንደ ፍርድ ቤቱ አነጋገር፣ አዎ» አልሁት።

«ትንሽ ቀደም ብሎ ቢታሰር ይሻለው ነበር።»

አመስግኖኝ ሄደ። ያን ቀን ከየኔታ ጋር ስንሄድ አንድም ክርክር አላቀረብሁም፤ እሳቸውም አልቆሙም። ብዙ ከሄድን በኋላ «ፍርዱ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ትናደድ ነበር» አሉኝ። «ትክክል ስለሆነ ነው የሚያምህ።» የሳሙኤል አባት ከዓመታት በኋላ ተፈቱ፤ ግን በሕመም ተጎድተው ነው የወጡት። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ አሁንም የሚቆጨኝ ያ ጉዳይ ነው።

ሳሙኤል ተመርቆ ከሄደ ወዲያ ግሬስ መጣች። በከተማችን አንድ የነርሶች ማሠልጠኛ ታስተምር ነበር። ያው የሳሙኤል አገር ሰው ናት፤ አማርኛዋ ፈጣን ነው፤ ሴቱን ሁሉ አንተ፣ ወንዱን ሁሉ አንቺ ትላለች። በሩ ላይ ቆማ «ሳሙኤል ነው የላከኝ፤ መምህር፣ አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ። ግን ሳሙኤል እኮ ተሸንፏል።»

«አውቃለሁ። መሸነፉን ሳታድበሰብሺ የነገርሽው አንቺ ብቻ ነሽ አለኝ።»

ተቀመጠችና ተረከችልኝ። ታናሽ ወንድሟ ፖል የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነው። በአክስታቸው ልጅ በሩት ሰርግ ላይ ሚዜ ሆኖ ሳለ የታጠቁ ሰዎች ገብተው ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ የት እንዳለ አልታወቀም። ሰርጉ የዋለው የማስታወቂያው ዓመት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው፤ አገሪቱ ገና በስምምነቱ ውስጥ ናት ማለት ነው። መንግሥት ግን የተያዘው በሰርጉ ቀን ሳይሆን ከብዙ ሳምንት በኋላ መንገድ ላይ ነው ይላል። ለምን እንዲያ እንደሚል ገባኝ። አገሪቱ ከወጣችበት ቀን ማዶ ሊያሻግረው ነው። በዚያ ላይ ሌላ ችግር ነበረብን፤ እኛ አቤቱታውን የምናቀርበው አገሪቱ ከወጣች በኋላ ነው።

የኔታ ያኔ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ጉዳዩን ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። «እኔ የአገሪቱ ጠበቃ ልሁን» አሉ። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን ሰብስቤ ልምምድ አደረግን፤ ሦስት ተማሪዎች ዳኛ ሆኑ፣ የኔታ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው የአገሪቱ ጠበቃ ሆነው ቆሙ።

«ክቡራን ዳኞች» አሉ፤ «ይህ ፍርድ ቤት የተወለደው ከእኔ ፈቃድ ነው። ፈቃዴን በደንቡ መሠረት አንሥቻለሁ። ከሳሿ የመጡት ከሄድሁ በኋላ ነው። አሁን በእጃችሁ የቀረ ምን አለ?»

ዳኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ እንኳ ለአፍታ አገሪቱ እውነቷን ነው ብዬ ነበር። ለግሬስ እንድትከራከር የመደብኋት ትዕግሥት የምትባል፣ ከባሕር ዳር ዳርቻ የሰባታሚት ልጅ ናት። ዝምተኛ ነበረች፤ ተነሣች።

«የቀረው በስምምነቱ ውስጥ የቆዩበት ጊዜ ነው» አለች። «በእኛ ሰፈር አንድ ሰው የእድሩን ድንኳን ለልጁ ምርቃት ወስዶ ቀደደው። ሲጠየቅ ከእድሩ ወጥቻለሁ አለ። እድሩም መውጣትህን ተቀብለናል፤ ድንኳኑን የቀደድኸው ግን አባል ሳለህ ነው አለው።»

«ሰፋው?» አሉ የኔታ።

«ሰፋው።»

«ማን አስገድዶት?»

ትዕግሥት ጥቂት አሰበች። «ማንም። ግን በሰፈሩ ባለፈ ቁጥር ሰው ሁሉ ድንኳኑን ያነሣበት ነበር።»

የኔታ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። «አገሬ ተሸንፋለች» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔ ከዚያ በኋላ አቤቱታውን እንደገና ጻፍሁት። ማሰሪያውን ቀላል አደረግሁት፤ ግዴታው የተወለደው አገሪቱ በስምምነቱ ውስጥ ሳለች ነው፤ በመውጣቷ አይሰረዝም። ቀሪው ሁሉ አንድ ነገር ማስረዳት ብቻ ነበር፤ ፖል በየትኛው ቀን ተያዘ?

ከሰርገኛው መካከል ለመመስከር የደፈረ አልተገኘም። አብዛኛው እዚያው አገር ነዋሪ ነው፤ አይፈረድባቸውም። ግሬስ ስልክ ስትደውል ስትለምን ሰነበተች። በመጨረሻ እሺ ያለችው ሙሽራዋ ራሷ ሩት ናት፤ ከባሏ ጋር ወደ ሌላ አገር ተሰድዳ ነበር።

ችሎቱ በቪዲዮ ሆነ። ያን ሰሞን ኢንተርኔቱ አንዴ ሲመጣ አንዴ ሲሄድ ነበርና ዲናችን ከሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሆቴል የስብሰባ ክፍል አስፈቀዱልን፤ ከከተማው የተሻለ መስመር ያለው እዚያ ነው ተባለ። ያልጠየቅነው ነገር ቢኖር በጎን ያለው አዳራሽ ለምን እንደ ተያዘ ነው። ክርክሬን ገና ስጀምር ከበሮ ተመታ፤ እልልታው ቀለጠ። ሰብሳቢዋ ዳኛ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው በስክሪኑ አዩኝ።

«ጠበቃው፣ ከበስተኋላዎ የሚሰማው ምንድን ነው?»

«ክብርት ዳኛ፣ ሰርግ ነው።»

«ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት አለው?»

«ይህኛው የለውም» አልሁ። ዳኞቹ ሳቃቸውን ለመደበቅ ወረቀታቸውን ሲያገላብጡ አየሁ። የኔታ ከካሜራው ውጭ ተቀምጠዋል፤ እኔ በስሜት ተነድቼ ቃል ልጨምር ስል ጣታቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ እኔም ወደ ማሰሪያዬ እመለሳለሁ። አገሪቱ ጠበቃ አልላከችም፤ ሥልጣን የላችሁም የሚል የጽሑፍ መቃወሚያ ብቻ ነበር የላከችው። የአገሪቱን ጠበቆች ባዶ ወንበር ሳይ የየኔታ ክርክር ይሻል ነበር ብዬ አሰብሁ።

ከዚያ ሩት በስክሪኑ ቀረበች። ግሬስ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ሩት ያየችውን በዝግታ ተናገረች፤ ሰዎቹ እንዴት እንደ ገቡ፣ ዘፈኑ እንዴት እንደ ቆመ፣ ፖል «ሰርጉን አትረብሹ፣ እመጣለሁ» ብሎ እንዴት እንደ ተነሣ። ሰብሳቢዋ ጠየቋት፤ «መንግሥት የተያዘው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው ይላል። ጊዜው ርቋል። ቀኑን እንዴት እርግጠኛ ልትሆኚ ቻልሽ?»

«ክብርት ዳኛ» አለች ሩት፤ «ሚዜያችንን ከኬኩ አጠገብ ሲወስዱት ቬሎ ለብሼ ነበር። ቬሎ የለበስሁት አንድ ቀን ብቻ ነው።»

ዳኞቹ ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ተለወጠ። በጎን ያለው ሰርግ ዘፈን ሊቀይር ነው መሰለኝ ጸጥ ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ የተናገርሁት ሁሉ ትርፍ ነው።

ውሳኔው ሲደርሰን እንደ የኔታ ከመጨረሻው ነው ያነበብሁት። ፍርድ ቤቱ ሥልጣን አለኝ ብሏል፤ ፖል የት እንዳለ እንድታሳውቅና ከጠበቃና ከቤተሰብ እንድታገናኘው አገሪቱን አዝዟል። ግሬስ አለቀሰች፤ ከዚያ የትምህርት ክፍሉን ጸሐፊ «አንተ ጎበዝ ነህ» ብላ አቀፈቻት። አገሪቱ ግን በማግሥቱ ፍርዱን እንደማታውቀው ተናገረች። ቀጥሎ ዝምታ ሆነ። ክረምት አለፈ። የሐይቁ ውኃ ሞልቶ ጎደለ። ግሬስ ወደ ቢሮዬ መምጣት አላቆመችም፤ ስለ ጉዳዩ ግን አትጠይቀኝም፤ ሻይ ጠጥታ፣ ስለ ተማሪዎቿ አውርታ ትሄዳለች። እኔም ባልጠየቀችኝ ቁጥር ይከብደኝ ነበር።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ግሬስ ናት። «ድምፁን ሰማሁ» አለች። ፖልን ከደበቁበት አውጥተው መደበኛ እስር ቤት አዛውረውት፣ ስልክ አስደውለውታል። ከዚያ ወዲያ ከጠበቃ ጋር ተገናኘ። ከዚያ ደግሞ፣ በአንድ የአገሪቱ በዓል፣ በምሕረት ተብሎ ተፈታ። ስለ ፍርድ ቤቱ አንድም ቃል አልተነገረም። የኔታ ይህን ስነግራቸው «ምሕረት ይበሉት፤ ስሙን እንተውላቸው፣ ልጁን እንውሰድ» አሉ።

ፖል ባሕር ዳር የመጣው እኔ ጡረታ ልወጣ ባለሁበት ዓመት ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ እንደ እህቱ ተጫዋች ሰው ነው። የኔታ ሊያዩት ከቤታቸው መጡ፤ ሲጨብጡት «እኔ የአገርዎ ጠበቃ ነበርሁ» አሉት። ደነገጠ። ልምምዱን ስነግረው ከልቡ ሳቀና «እንኳን አገሬ እርስዎን አልቀጠረችዎ» አላቸው። የኔታ በዚህ ንግግር እስካሁን ይኮራሉ።

በማግሥቱ ክፍሌ ይዤው ገባሁ። ተማሪዎቹ ጉዳዩን አንብበውታል፤ ሰውየውን ሲያዩ ግን ተሽኮረመሙ። ቆይቶ አንድ ልጅ እጁን አነሣ።

«መንግሥትዎ ፍርዱን አልተቀበለውም» አለ። «የፈታዎትም በምሕረት ነው። ታዲያ ፍርድ ቤቱ ምን አደረገልዎ?»

ልጁን ልቆጣው ነበር። ፖል ግን ጥያቄውን ወደደው።

«በነበርሁበት ቦታ ስም አልነበረኝም» አለ። «ጠባቂዎቹ ‹አንተ› ይሉኝ ነበር፤ መዝገብ ላይም የለሁም። ሞቼ ቢሆን የሞተ ሰው የለም። አንድ ጧት ጠባቂው በሩን ከፍቶ ሙሉ ስሜን፣ ከአያቴ ስም ጋር ጠራኝ። የት ሰማው ብዬ ገረመኝ። ‹በሬዲዮ ሰማሁ፤ ውጭ አገር ችሎት ላይ ተነበበ› አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁሉም በስሜ ይጠሩኝ ጀመር። ስሙን የምታውቀውን ሰው መደበቅ ይከብዳል።»

እኔ ለዚያ ክፍለ ጊዜ ያዘጋጀሁት ብዙ ነገር ነበረኝ፤ ስለ አንቀጾቹ፣ ስለ ተቃራኒ ሐሳቦች፣ ስለ ሌሎች ፍርዶች። ማስታወሻዬን አየሁትና ዘጋሁት።

«ሌላ ጥያቄ?» አልሁ።

ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አነሣች። ፖልን እያየች «ምሳ በልተዋል?» አለች።

አልበላም ነበር። ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተጠራርተው፣ መሐላቸው አድርገው፣ አሳ ሊያበሉት ወደ ሐይቁ ይዘውት ሄዱ። እኔም ጥቁር ሰሌዳውን አጥፍቼ ተከተልኋቸው።